ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ሴት በጆሃንስበርግ፣ ፎረስት ታውን በተባለው ሰፈር፣ በ6 ሚሊዮን ራንድ ቤት ለመግዛት ተዋዋሉ። ቅድሚያ ክፍያውን፣ 500,000 ራንድ፣ የከፈሉት ለደላላው ድርጅት ነበር። ድርጅቱ በላከላቸው ደብዳቤ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን በኢሜይል ስለሚለውጡ አጭበርባሪዎች ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ገዢዋ ገንዘቡን ከመልቀቃቸው በፊት ስልክ ደውለው ቁጥሩን አመሳከሩ። በኦገስት ቀሪውን 5.5 ሚሊዮን ራንድ ለመክፈል ወደ ባንክ ሲሄዱ ግን ይህ ጥንቃቄ አልተደገመም።

ሁለተኛው ቁጥር የመጣው ለሻጩ የስም ዝውውሩን ከሚያስፈጽመው ታላቅ የሕግ ቢሮ፣ ከኤድዋርድ ናታን ሶነንበርግስ ነበር፤ ቢያንስ ደብዳቤው እንዲያ ይላል። የቢሮው አርማ አለበት፣ የጸሐፊዋ ስም አለበት፣ አቀራረቡም ቀደም ሲል ይመጡ ከነበሩት ደብዳቤዎች አይለይም። ለጠንቃቃ ዓይን ብቻ የሚታይ አንድ ጉድለት ነበረው፤ በላኪው አድራሻ ውስጥ በላቲን ፊደል የተጻፈው «አፍሪካ» የሚለው ቃል ሁለት ሆሄያቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። ገዢዋ በባንኩ ቅርንጫፍ ተቀምጠው ከሕግ ቢሮው ጋር በስልክ ተነጋግረዋል። ሆኖም የሒሳብ ቁጥሩ በቃል አልተነበበም፤ ዝርዝሩ በኢሜይል እንደሚላክላቸው ተነግሯቸው ጠበቁ። የደረሳቸውም የተለወጠው ነበር። ሌባው በገዢዋ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ የሚመጣውን ከባለቤቱ ቀድሞ እያነበበ፣ የፈለገውን እየቀየረ ያሳልፍ ነበር። ገንዘቡ ሄደ።

በጃንዋሪ 2023 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሕግ ቢሮው 5.5 ሚሊዮኑን እንዲከፍል ፈረደ። እንዲህ ያለውን አደጋ ከማንም በላይ የሚያውቅ ባለሙያ የባንክ ዝርዝርን በተራ ኢሜይል፣ ሊለወጥ በሚችል አባሪ ሰነድ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መላኩ ጥፋት ነው አለ። በጁን 2024 በብሉምፎንቴን የሚያስችለው ጠቅላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ ገዢዋ የኪሳራቸው ባለቤት ራሳቸው እንደ ሆኑ ወሰነ። የተሰበረው የእርሳቸው የኢሜይል ሳጥን እንጂ የቢሮው አልነበረም፤ የቢሮው ደንበኛም አልነበሩም፤ ከሦስት ወር በፊት ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው በስልክ አመሳክረው ነበር፤ በክፍያው ዕለትም ከቢሮው ጋር በስልክ ተገናኝተው ሳለ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኞቹን ያሳሰባቸው ወደ ፊት የሚመጣው ነው። የባንክ ቁጥሩን በኢሜይል የሚልክ ገንዘብ ጠያቂ ሁሉ በተቀባዩ ሳጥን ውስጥ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂ ከሆነ፣ የኃላፊነቱ ዳርቻ የት ይቆማል?

የይግባኙ ውሳኔ በአመክንዮው ጠንካራ ነው። በዚያ ጉዳይ፣ በእነዚያ ወገኖች መካከል፣ ውጤቱን ለመንቀፍ ያስቸግራል። ነገር ግን ውሳኔው የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ እርሱም ተቀባዩ ሌላ መንገድ አለው የሚል ነው። ገዢዋ ስልክ ነበራቸው፤ ከስልኩ ማዶ የሚያነሳ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊታቸው የባንክ ሠራተኛ ተቀምጦ ነበር። ያው ከተማ ውስጥ፣ ከፎረስት ታውን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ይህ ግምት የማይሠራበት ጎዳና አለ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ኢሜይል ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አደጋውን ከማይገኝበት ቦታ ይፈልገዋልና።

ቀድሞ አገር ቤት ደብዳቤ የሚላከው በሰው እጅ ነበር። መንገደኛው ይታወቃል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ «አደራ» ይባላል። ታላላቅ ሰዎች ደግሞ ማኅተም ያደርጉበታል። ኢሜይል የተፈለሰፈው ከሁለቱ አንዱም ሳይኖረው ነው። ዛሬም መልእክቶች የሚጓጓዙበት ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተባለው ደንብ በ1982 ሲወጣ መረቡን የሚጠቀሙት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩ፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ደንቡ «እገሌ ነኝ» ያለውን ሰው እገሌ ነው ብሎ ይቀበላል። የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡት ዘዴዎች ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በላዩ የተለጠፉ ጥገናዎች ናቸው። ከእነዚህ የመጨረሻው፣ ዲማርክ የሚባለው፣ አንድ ሌባ የአንድን ድርጅት ትክክለኛ አድራሻ ለብሶ እንዳይልክ ይከለክላል። ሁለት ሆሄ ያቀያየረ አድራሻ በገንዘቡ ገዝቶ ያስመዘገበን ሌባ ግን አይነካውም። እርሱ የራሱን ስም በትክክል ተናግሯል፤ ያልተጠነቀቀው አንባቢው ነው።

በጉዞ ላይ ያለ መልእክት መጠለፉ የብዙዎች ፍርሃት ነው። ዛሬ ግን በታላላቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች መካከል የሚደረገው ጉዞ በአብዛኛው በምስጢር ኮድ ተሸፍኗል። አደጋው ያለው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ በላኪው «የተላኩ» ማኅደርና በተቀባዩ ሳጥን። በእጅ የሚላክ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ብቻ አለው፤ ተቀባዩ ካነበበው በኋላ ሊያቃጥለው ይችላል። ኢሜይል ግን እያንዳንዱ ጉዞው ቅጂ እያስቀረ የሚሄድ ነው። በ2016 ለቪዛ ጉዳይ የተላከ የፓስፖርት ቅጂ ዛሬም ላኪው ዘንድ አለ፣ ተቀባዩ ዘንድ አለ፣ «ለመረጃ ያህል» ግልባጭ የተደረገላቸው ሦስት ሰዎች ዘንድ አለ፣ ከእነርሱ አንዱ ሥራውን ለቆ ስልኩን ሸጦ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን የሚሰብረው ሰው የሚያገኘው የዛሬን ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ የዐሥር ዓመት መዝገብ ቤት ነው።

ጎዳናው ጄፒ ነው። በ2014 ራሒማ ሙሳ ተብሎ ስሙ ቢለወጥም በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ጄፒ እንደ ተባለ ቀርቷል። በአንድ ወቅት ሐኪሞች ክሊኒክ የነበራቸው ሜዲካል አርትስን የመሰሉ ሕንፃዎች ዛሬ እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞልተዋል፤ ጂንሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ በመካከሉም ቡናና እንጀራ። ከሱቆቹ መካከል ሌላ ዓይነት ንግድ አለ፤ ፎቶኮፒ፣ ስካን፣ ቅጽ መሙላት፣ ኢሜይል መላክ።

ይህ ንግድ ድንገት የመኖር ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ይታወቃል። በጆሃንስበርግ ክራውን ማይንስ የነበረው የስደተኞች መቀበያ ቢሮ በ2011 ከተዘጋ ወዲህ የከተማዋ ጥገኝነት ጠያቂ ወረቀቱን ለማሳደስ ወደ ፕሪቶሪያ መመላለስ ነበረበት። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲገባ ቢሮዎቹ በሙሉ ተዘጉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም «ሆም አፌርስ» የሚለው፣ የፈቃዶችን ዘመን በጅምላ እያራዘመ ቆየና በኤፕሪል 2021 አዲስ ሥርዓት አስታወቀ። እድሳት በኢሜይል ሆነ። ለየቢሮው የተለየ አድራሻ ተሰጠ፤ አመልካቹ የወረቀቱን ቅጂ አያይዞ ይልካል፤ የታደሰው ፈቃድም በኢሜይል ይመጣለታል፤ አትሞ ይይዘዋል።

ከቢሮው በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ለጥበቃ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሳይሳካለት የሚመለሰውን ሰው ለሚያውቅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ መካድ አይገባም። ኢሜይል ጉቦ አይጠይቅም፣ በሰልፍም አይገፋም። ግን ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ሰው መንገድ ይታይ። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ በእንግሊዝኛ መሸጥ እንጂ መጻፍ የማይሆንለት ባለ ሱቅ ይታሰብ። ኢሜይል ኖሮት አያውቅም። ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ ይወርዳል። ልጁ በትሕትና ይቀበለዋል፤ አድራሻ ይከፍትለታል፤ ማስታወሻ ስልክ ሲጠየቅ ለፍጥነት የራሱን ያስገባል። «ጋሼ፣ ፓስወርዱን እኔው ልያዝልዎት፤ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ።» ጋሼም ያመሰግናል። ልጁ ሌባ መሆን የለበትም፤ እጅግ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአንድ ሰው ሕጋዊ ሕልውና በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስካኑም በፎቶኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ከመቶ ሌሎች ጋሼዎች ስካን ጎን፣ ቀርቷል። «ሰውን ማመን ቀብሮ» የሚለው ተረት እዚህ አይረዳም፤ ባለ ሱቁ ሳይቀብር ከማመን በቀር ምርጫ የለውምና።

ወረቀቱ ምን ይዟል? ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶግራፍ፣ የፋይል ቁጥር፣ አገር። አብሮት የሚላከው ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስትና የልጆች ነው። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ቁጥር 13 አኃዝ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የትውልድ ቀን ናቸው፤ ቀጥሎ ያሉት ጾታን ይናገራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ አኃዝ ሰውየው ዜጋ ይሁን ቋሚ ነዋሪ ይለያል። ቁጥሩ ብቻውን የሕይወት ታሪክ ነው። ለሌባም በቂ መነሻ ነው፤ በተለይ ቀሪው መረጃ በሌላ በኩል አስቀድሞ በወጣበት አገር። በኦገስት 2020 ይፋ እንደ ሆነው፣ ደንበኛ መስሎ የቀረበ አንድ አጭበርባሪ ኤክስፒሪያን ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጉ ደቡብ አፍሪካውያንን የሚመለከት መረጃ ተቀብሎ ሄዷል። ማንም ኮምፒውተር አልሰበረም። ጠየቀ፤ ተሰጠው።

ከጥገኝነት ጠያቂው ወረቀት በስተ ጀርባ ያለው ፋይል ደግሞ ከባንክ ቁጥር የከበደ ነገር ይዟል፤ ከማን ሸሸ፣ ለምን ሸሸ፣ ማን ዘመድ ቀረለት። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ፣ የ1998ቱ ቁጥር 130፣ በአንቀጽ 21(5) የጥገኝነት ማመልከቻና በውስጡ ያለው መረጃ ምስጢርነት በማንኛውም ጊዜ መጠበቅ አለበት ይላል። ይህ ቃል ባዶ ጌጥ አይደለም። በ2013 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የአንድ ጋዜጣን አቤቱታ ሰምቶ በይግባኝ ሰሚው ቦርድ ችሎት ላይ ጠባብ የመግቢያ ፈቃድ ቀዳዳ ሲከፍት እንኳ፣ የምስጢሩ ዓላማ ጥገኝነት ጠያቂውንና አገር ቤት የቀሩ ቤተሰቦቹን ከበቀል መጠበቅ መሆኑን አክብሮ ነው። እንግዲህ ሕጉ «በማንኛውም ጊዜ» ያለው መረጃ ከጥገኝነት ጠያቂው የሚጠየቀው ማኅተም በሌለው ደብዳቤ ሆነ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፍርሃት ከአየር የመጣ አይደለም። በማርች 2013 የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ እንደ ማባበያ ይዞ በኢሜይል አባሪ ሲሰራጭ ማግኘቱን፣ ትእዛዝ የሚቀበልበትም ኮምፒውተር ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን አሳወቀ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ፣ ለሌላ ሰው ተልኮ እጁ በገባ የዎርድ ሰነድ ምክንያት ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ኮምፒውተሩ ሲሰለል መቆየቱን ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና ልንዳኘው አንችልም ብሎ ዘጋው። በዲሴምበር 2013 የኢሳት ሠራተኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣልያን ድርጅት መሣሪያ ተሞከሩ። በ2016 ደግሞ ተራው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክና የሌሎች ተቺዎች ሆነ፤ ኢሜይሉ ቪዲዮ ተመልከቱ ይላል፤ ቪዲዮውን ለማየት አንድ ሶፍትዌር አድሱ ይላል፤ የሚታደሰው ሰላዩ ራሱ ነው። በዲሴምበር 2017 የወጣው የሲትዝን ላብ ጥናት የሳይበርቢትን መሣሪያ ስም ጠርቶ አጋለጠው።

መንግሥት ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ የእነዚያ ዘመቻዎች ዒላማዎች አንዳንዶቹ አገር ቤት ገብተው እንደ ገና ወጥተዋል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የፖለቲካው ተራ ሳይሆን ዘዴው ነው። በሦስቱም ዘመቻዎች በር ሆኖ ያገለገለው እምነት ነው፤ የሚታወቅ ፊት፣ የሚጠበቅ ሰነድ፣ ከወዳጅ የመጣ የሚመስል መልእክት። የፎረስት ታውኑ ሌባና የሰላዩ መሥሪያ ቤት የተጠቀሙበት ቁልፍ አንድ ነው። ልዩነቱ ከሌባ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ከሰላይ ዘንድ የሚጠፋው አገር ቤት ያለ ወንድም ሊሆን መቻሉ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሕግ አጥታ አይደለም። ፖፒያ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚጠራው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ በ2013 ጸድቆ አብዛኛው ክፍሉ በጁላይ 2020 ሥራ ላይ ዋለ፤ የአንድ ዓመት መዘጋጃ ተሰጥቶም ከጁላይ 2021 ጀምሮ ማስገደድ ጀመረ። በአንቀጽ 19 መረጃ የሚይዝ ሁሉ፣ መንግሥትም ጭምር፣ ተገቢና ምክንያታዊ የሆነ የቴክኒክና የአሠራር ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። የኢሜይል እድሳቱ የተጀመረው በዚያ የመዘጋጃ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሲቀረው መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን የሚናገረው አለ። የአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች በምን ደረጃ ላይ እንደ ነበሩ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ታሪክ ያሳያል። በሴፕቴምበር 2021 ሰርጎ ገቦች ገብተው ሥራውን ሽባ አደረጉት፤ ከ1,200 በላይ ፋይሎች ጠፉ። የመረጃ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መርምሮ ያገኘው የጸረ ቫይረስና የመከታተያ ሶፍትዌሮቹ ፈቃድ ጊዜው አልፎ ሳይታደስ መቅረቱን ነበር። በጁላይ 2023 የ5 ሚሊዮን ራንድ ቅጣት ጣለበት። ተቆጣጣሪው ራሱ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መረብ ላይ የነበሩ በመሆናቸው አብሮ መጠቃቱ ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው አበዛኸው የሚባል ነው። ፈቃዱን ያላሳደሰ ስደተኛ በዚያች አገር ይታሰራል፤ ባንክ ሒሳቡን ያግድበታል። ፈቃዱን ያላሳደሰ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ ቅጣት ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ይግባኙ ፍርድ መመለስ ይቻላል። ፍርዱ የሚለው ኢሜይል አስተማማኝ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የሚቀበለው ሰው ያመሳክር ነው። በግል ገበያ ውስጥ፣ አቅም ባላቸው ሰዎች መካከል፣ ይህ ጨካኝ ቢመስልም የሚሠራ ደንብ ነው። ግን ባለ ሱቁ በምን ያመሳክራል? ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ የሚመስል ኢሜይል «ፋይልዎ ጉድለት አለበት፤ የባለቤትዎን ወረቀት ጨምረው በዚህ አድራሻ ይላኩ» ቢለው የሚደውልበትና የሚያነሳለት ስልክ አልነበረም፤ ሄዶ የሚጠይቅበት በር ተዘግቶ ነበር፤ ዝም ካለ ደግሞ ወረቀቱ ይሞት ነበር። የማመሳከር ግዴታ ፍትሐዊ የሚሆነው የማመሳከር ዕድል ሲኖር ነው። ሕግ አውጪ በኢሜይል ብቻ ተገናኙኝ ሲል ያንን ዕድል የነፈገው እርሱ ነውና አደጋውም ወደ እርሱ መዞር ነበረበት። በዚህ ነጥብ ላይ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ሐሳብ፣ ማለትም መንገዱን የመረጠና አደጋውን በተሻለ የሚያውቅ ወገን ይሸከመው የሚለው፣ ለተወለደበት ጉዳይ ባይስማማም ለጄፒ ይስማማል።

ብሪታንያ ኪሳራውን ከግለሰቡ ትከሻ ለማንሣት ሌላ መንገድ ሞክራለች። ከ2020 ጀምሮ ታላላቆቹ ባንኮች ከፋዩ የጻፈውን ስም ከሒሳቡ ባለቤት ስም ጋር ያስተያያሉ፤ ካልገጠመ ያስጠነቅቃሉ። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ተታሎ ለላከ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ እንዲመለስለት፣ ወጪውንም የላከውና የተቀበለው ባንክ እኩል እንዲካፈሉት ተደነገገ። የአውሮፓ ኅብረትም በኦክቶበር 2025 የስም ማስተያየቱን በዩሮ ቀጠና ባንኮች ላይ አስገዳጅ አደረገ። በጆሃንስበርግ በ2019 ባንክ ገንዘብ ሲያስተላልፍ የሚመለከተው ቁጥሩን ነበር፤ ስሙ የማንም ቢሆን ገንዘቡ ያልፋል። ሁለት ሆሄ በተቀያየረበት ኢሜይል የመጣው ቁጥር ስሙ ቢጠየቅ ኖሮ ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ሥራ ባልበዛባቸው። በጣም ርካሹ መድኃኒት ያለው በኢሜይሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ኢሜይሉን ለማዳን መድከም አያስፈልግም። ይህ ግን የሚያድነው ገንዘብን ብቻ ነው። የፓስፖርት ቅጂና የጥገኝነት ታሪክ የሚመልስ ባንክ የለም።

የኢትዮጵያም ሕግ ደርሷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2024 ጸድቆ ተቆጣጣሪነቱ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ዳያስፖራው ግን ከአዋጁ ይልቅ በልማዱ ይኖራል። አዲስ አበባ ላለ ወንድም ውክልና ሲሰጥ የፓስፖርት ገጽ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ በአንድ ኢሜይል ተጠርዘው ይሄዳሉ፤ ወንድም ለጠበቃ፣ ጠበቃ ለጉዳይ አስፈጻሚ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ለጸሐፊ ያስተላልፋል። ከዋሽንግተን፣ ከለንደንም ሆነ ከጆሃንስበርግ የሚሄደው ጥራዝ አንድ ነው። ሰነዱን በይለፍ ቃል ቆልፎ ቃሉን በስልክ መንገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በሰነዱ ላይ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ፣ በዚህ ቀን» ብሎ በአግድመት መጻፍም እንዲሁ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ከ«የተላኩ» ማኅደር ማጥፋት ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ብዙ ሰው የማያደርገው ባለማወቅ አይደለም። ለወንድም የተቆለፈ ሰነድ መላክ አለማመን ስለሚመስል ነው። ይሉኝታ ከየትኛውም ቴክኒክ የጠነከረ ክፍተት ነው፤ ሌባውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚመጣው ሁልጊዜ በወንድም ስም ነውና።

ጄፒ ላይ ደግሞ የታተመው ወረቀት ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በፎቶኮፒ ቤት ማተሚያ የወጣ የመንግሥት ፈቃድ ከሐሰተኛው በምን ይለያል? ባንኩ ይጠራጠራል፤ አሠሪው ይጠራጠራል፤ ፖሊሱ መንገድ ላይ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። መሥሪያ ቤቱ ለዚህም መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሁሉ የሚጠይቅባቸውን አድራሻዎች በማስታወቂያ አወጣ፤ አንዱ ለጥገኝነት ጠያቂዎች፣ ሌላው ለስደተኞች። ሁለቱም ኢሜይል ነበሩ።